የውኃ ተራና የሞገድ ተራ

ስለ አማተር ሬዲዮ ውድድር ልጽፍ ነው ስል አንድ የክፍል ጓደኛዬ፣ «አንተ የታሪክ ተማሪ፣ ከሽቦና ከአንቴና ጋር ምን አገናኘህ? ይልቅ ስለ ይፋት ሡልጣኖች ጻፍልን» አለኝ። ነገሩ ቀልድም ምክርም ነው። ይሁን እንጂ ታሪክ የነገሥታት ስም ዝርዝር ብቻ ካልሆነ፣ ሰዎች አንድን የጋራ ነገር እንዴት እየተካፈሉ እንደ ኖሩ፣ ሲካፈሉስ ማን እንደ ታመነ፣ ማን እንዳጭበረበረ መመርመርም ታሪክ ነው። አየሩም እኮ የጋራ ነው። እንደ ወንዝ ውኃ ሁሉ ሞገድም ተራ አለው። እኔ ደግሞ የሸዋ ሮቢት ልጅ ነኝ፤ ተራ ስለሚባለው ነገር መጀመሪያ የሰማሁት ቦይ ዳር ነው። ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ ጥቂት ታገሡኝና ሁለቱን ጎን ለጎን ላስቀምጥላችሁ።

መጀመሪያ ነገሩን እንለይ። ሬዲዮ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ዜናና ዘፈን የሚያሰማውን ጣቢያ ነው። አማተር ሬዲዮ ከዚህ ይለያል። ተፈትኖ ከመንግሥት ፈቃድ ያገኘ ሰው፣ በማሠራጫና በመቀበያ፣ ከሌላ አገር ካለ ብጤው ጋር የሚገናኝበት ነው። ዓለም አቀፉ የሬዲዮ ደንብ ይህን አገልግሎት ሲተረጉም፣ ሰው ራሱን የሚያስተምርበትና የሚመራመርበት እንጂ ለገንዘብ ጥቅም የሚሠራበት እንዳልሆነ ይደነግጋል። እያንዳንዱ አማተር የጥሪ ምልክት አለው፤ የምልክቱ መጀመሪያ አገሩን ይናገራል። «ኢቲ» ብሎ የጀመረ ኢትዮጵያ ነው።

ድሮ አስመራ በነበረው የአሜሪካኖቹ የቃኘው ጣቢያ፣ ወታደሮቹ የራሳቸው የአማተር ክለብ ነበራቸው፤ ጦር ሰፈሩ እ.ኤ.አ. በ1977 ተዘጋ። ለኛ ለተማሪዎቹ የሚቀርበን ግን የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር የክለብ ጣቢያ፣ «ኢቲ 3 ኤኤ» የሚባለው ነው። የተተከለው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ፣ አምስት ኪሎ ነው። እኛ ስድስት ኪሎ ተቀምጠን የግራኝን ዘመንና የቅኔን ዓይነት ስንቆጥር፣ አንድ ኪሎ ዝቅ ብለው ያሉት ልጆች ሰማይ አስነክተው ከጃፓንና ከብራዚል ጋር ሊነጋገሩ ይችላሉ ማለት ነው። ይህን ያወቅሁት ሁለተኛ ዓመት ስገባ ነው፤ የነገረኝም ኤሌክትሮኒክስ የሚማር ያገሬ ልጅ ነው።

ከአማተሮች ውድድር ስመ ጥሩው «ሲኪው ወርልድ ዋይድ» የተባለው ነው። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። በድምፅ የሚደረገው በኦክቶበር፣ በሞርስ ምልክት የሚደረገው በኖቬምበር የመጨረሻ ሙሉ ቅዳሜና እሑድ ላይ ነው፤ በኛ አቆጣጠር ጥቅምትና ኅዳር ከተጋመሱ በኋላ መሆኑ ነው። ውድድሩ 48 ሰዓት ይፈጃል። በኛ ሰዓት ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተጀምሮ፣ እሑድ ለሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ያበቃል። ዓላማው ከብዙ ጣቢያ፣ ከብዙ አገርና ከብዙ ቀጣና ጋር መገናኘት ነው። ለውድድሩ ሲባል ዓለም በ40 ቀጣና ተከፍላለች፤ ኢትዮጵያ ያለችው በ37ኛው ነው።

ሁለት ተወዳዳሪዎች ሲገናኙ ወግ የለም። የጥሪ ምልክት፣ የድምፅ ጥራት ቁጥር፣ የቀጣና ቁጥር፤ በቃ። «አምስት ዘጠኝ፣ ሠላሳ ሰባት» ይላል የኢትዮጵያው፤ ወዲያው ወደ ሚቀጥለው ያልፋል። እኔን የሳበኝ ይህ 59 የሚባለው ቁጥር ነው። በደንቡ ትርጉሙ «ድምፅህ ጥርት ብሎ፣ ጎልቶ ይሰማኛል» ማለት ነው። በውድድር ላይ ግን ሁሉም ለሁሉም 59 ይላል። ድምፁ ተቆራርጦ ሦስት ጊዜ «ድገምልኝ» የተባለውም ሰው በመጨረሻ የሚሰጠው 59 ነው! የኛ «ደኅና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን» ማለት ነው እኮ። ጥርሱን የሚያመውም ይለዋል፣ ከብቱ የሞተበትም ይለዋል፤ ሐሰተኛ ያለው ሰው ግን የለም። ሰዎች አብረው ሲጫወቱ ለወግ የሚባለውንና በእውነት የሚጠየቁበትን ለይተው ያውቃሉ። 59 ለወግ ነው። የጥሪ ምልክቱ ግን አንዲት ፊደል ከተሳተች ዋጋ ታስከፍላለች።

አሁን ወደ ነጥቡ እንምጣ፤ የፍትሕ ጥያቄ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነውና። በጠቅላላው በሌላ አህጉር ያለን ጣቢያ ያገኘ 3 ነጥብ፣ በዚያው አህጉር ሌላ አገር ያለን ያገኘ 1 ነጥብ ይይዛል፤ በገዛ አገር ላለ ጣቢያ ነጥብ የለም። የነጥቡ ድምር በተገኙት አገሮችና ቀጣናዎች ብዛት ይባዛል። እስቲ እናስላው። አዲስ አበባ ያለ አንድ ሰው ከአውሮፓ፣ ከእስያና ከአሜሪካ 1,000 ጣቢያ አገኘ እንበል፤ 3,000 ነጥብ ነው። አገርና ቀጣናው ተደምሮ 150 ቢሆን ውጤቱ 450,000 ይሆናል። ጀርመን ያለ ሰው ደግሞ 1,000 የአውሮፓ ጣቢያ ቢያገኝ፣ ማባዣውም ያው 150 ቢሆን ውጤቱ 150,000 ነው። ድካማቸው እኩል፣ ውጤታቸው አንድ ለሦስት።

በዚህም አያበቃም። «ኢቲ» በአየር ላይ ብርቅ ነው። ኢትዮጵያን አንድ ጊዜ ያገኘ ተወዳዳሪ ማባዣው በአንድ አገር ስለሚጨምርለት ሁሉም ይፈልጋታል። አንድ የኢትዮጵያ ጣቢያ ብቅ ያለ እንደ ሆነ፣ በሰንበቴ ገበያ ብርቅ ዕቃ ብቻውን እንዳቀረበ ነጋዴ ይከበባል። ሁሉም በአንዴ ይጮኻል፤ የመለየቱ ጣጣ የባለ ጣቢያው ነው።

ይህን ያነሣሁት ለትዝብት ነው። እኛ ስለ ፍትሕ ስናወራ ሁልጊዜ ራሳችንን ከተበዳይ ወገን እናስቀምጣለን። እርግጥ ነው፣ ጀርመናዊው ረዥም የብረት ማማ አለው፤ መብራት አይጠፋበትም፤ ዕቃው ሲበላሽ በማግሥቱ በፖስታ ይመጣለታል። የኛው ሰው ይህ የለውም። ካርታው ግን ለኛ አድልቷል። እንግዲህ የተበደለው ማን ነው? አንዱ በገንዘቡ ይበልጣል፣ አንዱ በቦታው። ፀሐይም የራሷ አድልዎ አላት። አጭር ሞገድን ወደ ምድር የሚመልሰው የላይኛው አየር የሚጠነክረውና የሚላላው በፀሐይ ነው፤ እሷም በ11 ዓመት ገደማ አንድ ጊዜ ትጋላለች፣ ትበርዳለች። ከዚህ ሁሉ መካከል «እኩል» የሚባለውን መነሻ መሥመር የት ላይ ያሰምሩታል? ይህ ጥያቄ ሲያስጨንቀኝ መልሱን የፈለግሁት ካደግሁበት ቦይ ዳር ነው።

* * *

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ሲደርስ ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከዋሻው ወዲያ እየተጠማዘዘ ወደ ደብረ ሲና ይወርድና በአርማንያ አድርጎ ሸዋ ሮቢት ይገባል። ከተማዋ ያለችው 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ከአዲስ አበባም 220 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ጠዋት በጋቢ የተነሣ ሰው ላቡን እየጠረገ ይደርሳል። አገሩ የሽንኩርት፣ የማሾ፣ የማሽላ፣ የትምባሆ፣ የፓፓያና የማንጎ አገር ነው። አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ አንድ ገበያ ይውላል።

ያ ተራራ ለሞገድም ግድግዳ ነው። የኤፍ ኤም ሞገድ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ጣርማ በርን አልፎ ቁልቁል ሊወርድልን አይችልም። አያቴ ግን አጭር ሞገድ የምትይዝ፣ መያዣዋ በሽቦ የታሰረ ሬዲዮ ነበረቻቸው። ልጅ ሆኜ «አባባ፣ ይህ ድምፅ ተራራውን እንዴት አድርጎ ወረደ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ከሰማይ ነው የሚመጣ፤ ተራራ ምን ያደርገዋል» አሉኝ። ለሕፃን የተነገረ መልስ መስሎኝ ኖሮ፣ ኋላ ነገሩን ሳነብ ለካ አያቴ ልክ ነበሩ። አጭር ሞገድ ወደ ላይ ወጥቶ፣ ከላይኛው አየር ታጥፎ ነው የሚወርደው። ለሩቅ ሰው የሚደርሰውም በዚሁ ነው።

ውኃውን ግን ከሰማይ አንጠብቅም። ዝናቡ አይታመንም፤ የሚታመነው ወንዙ ነው። ከወንዙ ቦይ ይወጣል፤ ቦዩ ከራሱ ጀምሮ እስከ ጭራው በተራ ያጠጣል። ራሱ ላይ ያለ ሰው ውኃው ሞልቶ ይደርሰዋል። ጭራው ላይ ያለው የተረፈውን ነው የሚያገኘው፤ ያጎቴ መሬት ደግሞ ጭራው ላይ ነው። ተራውን የሚያከፋፍሉ የውኃ አባት አሉ። ከተጠቃሚው መካከል ተመርጠው፣ ለማን ስንት ሰዓት እንደሚደርሰው የሚያስታውሱ፣ ሲጣሉ የሚያስታርቁ ሰው ናቸው። ተራው ሳይደርስ ቦይ ሰብሮ ወደ ማሳው የመለሰ ይቀጣል። ይህ ሕግ በወረቀት ላይ አልተጻፈም፤ የማያውቀው ግን የለም።

እኔ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ ከቦዩ ራስ በላይ መሬት የነበረው አንድ ጎረቤት የውኃ ሞተር ገዛ። ሌሊት ሌሊት ቱቦውን ወንዙ ውስጥ እየጣለ ይቀዳል። ቦያችን ጠዋት ሲታይ እንደ ሽንት ቀጥኗል። ሲጠየቅ መልስ ነበረው። «እኔ ቦያችሁን አልነካሁም፤ ወንዙ የእግዜር ነው» ይላል። በሕጉ ፊደል ከሄድን እውነቱን ነው። ሕጉ የሚናገረው ስለ ቦይ ነው እንጂ፣ ሲወጣ ሞተር የሚባል ነገር በአካባቢው አልነበረም። ያጎቴ ሽንኩርት ኮረቱን ሊቋጥር በደረሰበት ሰዓት ውኃ አጥቶ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፤ ከዚያም ተኛ።

ሰዉ ዋርካ ሥር ተሰበሰበ። ከፊሉ «ሞተር የሚባል ነገር ካገራችን ይውጣ» አለ። ከፊሉ «ገንዘብ ያለው ገዝቶ ቢያጠጣ ቅናት ነው እንዴ?» አለ። የውኃ አባቱ ሁሉንም ካዳመጡ በኋላ ወደ ባለ ሞተሩ ዞረው፣ «ልጄ፣ ሞተርህ አልበደለንም። የበደለን ሌሊቱ ነው። ስትቀዳ ሰው ቢያይህ ኖሮ ይህን ያህል አትቀዳም ነበር» አሉት። ከዚያም ተፈረደ። ሞተር ያለው ይቅዳ፤ ግን በቀን ይቅዳ፣ ስንት ሰዓት እንደ ቀዳ ያስመዝግብ፣ የቀዳውም ከተራው ይቀነስ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሌሎች ገበሬዎች ተዋጥተው ሞተር ሲገዙ ደግሞ ለሞተር ብቻ የተለየ ቀን ወጣለት። ያጎቴን ሽንኩርት ግን የከፈላቸው የለም።

* * *

ይህ ታሪክ ወደ ራሴ የተመለሰው ባለፈው ዓመት ኅዳር ነው። ያ ያገሬ ልጅ በላፕቶፑ አንድ ነገር ሊያሳየኝ ጠራኝ። ሆላንድ አገር የሚገኘው የትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ ማንም ሰው በኢንተርኔት ገብቶ የሚያዳምጥበት የአጭር ሞገድ መቀበያ አለው። እ.ኤ.አ. በ2008 የተጀመረ ነው። የሞርስ ውድድሩ ሌሊት ስለ ነበር ገብተን አዳመጥን። ድምፁ ክረምት ላይ ኩሬ ዳር እንደሚሰማ የእንቁራሪት ጩኸት ነው፤ መቶው በአንዴ፣ እያንዳንዱ በራሱ ቅጥነትና ውፍረት። ጓደኛዬ ጥቂቶቹን እየለየ ይህ ሩሲያ፣ ይህ ሞሮኮ ይለኛል።

«እንግዲያው» አልኩት፣ «አምስት ኪሎ የሚወዳደር ሰው በዚህ ቢያዳምጥ እንዴት ጥሩ ነበር፤ የከተማው ጫጫታ አይረብሸውም።»

«ይሰረዛል እንጂ!» አለኝ ሳቅ ብሎ። «አፉ አዲስ አበባ፣ ጆሮው ሆላንድ ሆኖ? በደንቡ ማሠራጫውና መቀበያው ሁሉ በአንድ የ500 ሜትር ክብ ውስጥ መሆን አለበት። አንተ ራስህ ቤትህ ሆነህ ጣቢያህን በኢንተርኔት ብታዝዘው ይፈቀዳል። የጣቢያው አፍና ጆሮ ግን መለያየት የለበትም።»

ቱቦውን ከቦዩ ራስ በላይ የጣለው ሰውዬ ትዝ አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ደንቡን ቁጭ ብዬ ሳነብ ያየሁት ይህንኑ ነው። በየዘመኑ አንድ ሞተር ይመጣል፤ ሕጉ ከኋላው ይሮጣል። ድሮ አንድ ተወዳዳሪ ብርቅ ጣቢያ ለማግኘት የመቀበያውን ቁልፍ እያዞረ ሞገዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጆሮው ያስስ ነበር። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. «ክላስተር» የሚባል ዘዴ መጣ። አንዱ ብርቅ ጣቢያ ሲሰማ፣ እገሌ እዚህ ሞገድ ላይ አለ ብሎ በኮምፒዩተር ለሁሉ ይለጥፋል፤ ሌላው እሱን አይቶ በቀጥታ ይሄዳል። በመጀመሪያ መልእክቱ የሚተላለፈው በዚያው በሬዲዮ ነበር፤ ኋላ ኢንተርኔት ተተካ። እ.ኤ.አ. በ2008 ገደማ ደግሞ «ስኪመር» የተባለ ፕሮግራም መጣ። ይህ ሞገዱን በሙሉ በአንዴ ሰምቶ፣ በመቶ የሚቆጠሩ የሞርስ ጣቢያዎችን ራሱ አንብቦ ስማቸውን ይደረድራል። ሰው በዓመታት የሚያሠለጥነውን ጆሮ ማሽን በአንድ ሌሊት ሠራው።

ታዲያ ምን ይደረግ? እንደ ዋርካው ጉባኤ ሁሉ እዚህም ሁለት ወገን ነበር፤ አሁንም አለ። አንዱ ወገን ጆሮ ነው ውድድሩ፣ ማሽኑ ይውጣ ይላል። ሌላው አማተር ሬዲዮ ራሱ የቴክኖሎጂ ልጅ ነው፣ አዲስ ነገርን ከልክሎ ምን ሊሆን ነው ይላል። የሁለተኛው ክርክር ቀላል አይደለም። የቁጥር ማሳያ ያለው መቀበያ፣ መዝገብ የሚይዝ ኮምፒዩተር፣ ሁሉም በየጊዜው አዲስና አጠራጣሪ ነበሩ። ያገሬ ልጅም ከዚህ ወገን ነው፤ ምድብ ማብዛት ለሁሉም ዋንጫ ለማደል ነው ይላል።

ደንቡ ያደረገው ግን የውኃ አባቱ ያደረጉትን ነው፤ የሞተር ቀን አወጣ። ያለ ማንም ርዳታ በገዛ ጆሮው የሚፈልግ አንድ ምድብ፣ በክላስተርና በመሰሉ የሚረዳ ሌላ ምድብ። በጉልበትም እንዲሁ ነው። እስከ 1,500 ዋት የሚጠቀም ከፍተኛ፣ እስከ 100 ዋት ዝቅተኛ፣ እስከ 5 ዋት ደግሞ እጅግ ዝቅተኛ። ለማመዛዘን ያህል፣ ትልቁ 1,500 ዋት ከአንድ የእንጀራ ምጣድ ያነሰ ነው፤ 5 ዋት የአንዲት ትንሽ አምፑል ያህል ነው። ሕጉ 1,500 ዋት ኃጢአት ነው አላለም። ኃጢአቱ በ1,500 ጮኾ «100» ብሎ መመዝገብ ነው።

ጥያቄው የሬዲዮ ብቻ እንዳልሆነ የኛ አገር ሰው በሩጫ ያውቀዋል። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮማ ላይ በባዶ እግሩ፣ በ1964 ቶኪዮ ላይ በጫማ ሮጦ አሸነፈ፤ ያኔ የጫማውን ውፍረት የለካ ሰው የለም። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2021 ግን ደራራ ሁሪሳ የቪዬናን ማራቶን አንደኛ ሆኖ ከጨረሰ በኋላ፣ ሶሉ 5 ሴንቲ ሜትር ስለ ነበር ተሰረዘ፤ የተፈቀደው 4 ነው። በ3 ሰከንድ ተቀድሞ የነበረው ኬንያዊ ሊዮናርድ ላንጋት አሸናፊ ተባለ። ሪባኑን የበጠሰው ግን እሱ አልነበረም፤ ያን ሰዓት ማንም ሊመልስለት አይችልም። የአንዲት ሴንቲ ሜትር ነገር ነው፤ ቢሆንም ከመነሻው በፊት ቢለካ ኖሮ ሁለቱም ሰዎች ሳያፍሩ ይወጡ ነበር።

ጫማ ይለካል። ብቻውን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ክፍሉን ዘግቶ የሚወዳደርን ሰው ማን ይለካዋል? ለዚህ የአማተሮቹ ዘዴ ከሁሉ በላይ የማረከኝ ነው። ውድድሩ ካለቀ በኋላ ተወዳዳሪው የተገናኛቸውን ሁሉ የመዘገበበትን መዝገብ በ5 ቀን ውስጥ ይልካል። አዘጋጆቹ በሺህ የሚቆጠሩትን መዝገቦች በኮምፒዩተር እርስ በርስ ያስተያያሉ። እኔ «ከእገሌ ጋር በዚህ ሰዓት ተገናኘሁ» ብዬ ከጻፍኩ፣ በእገሌ መዝገብ ላይ በዚያው ሰዓት የኔ ስም መገኘት አለበት። ከሌለ ይሰረዛል። የጥሪ ምልክቱን አንድ ፊደል አሳስቼ ብጽፍም ይሰረዛል፤ ከዚህ ላይ ሌላ ቅጣት ይጨመራል። መዝገቦቹም ማንም እንዲያያቸው ይፋ ይሆናሉ። እያንዳንዱ ሰው የራሱ ጸሐፊ፣ የሌላው ምስክር ነው። ዳኛ በየቤቱ አልቆመም፤ ሆኖም ተወዳዳሪው ሁሉ እርስ በርሱ ዳኛ ሆነ። ለታሪክ ተማሪ ይህ እንግዳ አይደለም፤ አንድን ድርጊት የምናምነው ሁለት የማይተዋወቁ ጸሐፊዎች ሲስማሙበት አይደል?

ይሁን እንጂ መዝገብ የማያየው ነገር አለ። ጉልበትን አያይም። ከ100 ዋት ወደ 1,500 የወጣ ሰው ጉልበቱ 15 እጥፍ ቢያድግም፣ በሰሚው መለኪያ ላይ የሚጨምረው 2 ደረጃ ያህል ብቻ ነው። ሩቅ ያለ ሰሚ፣ አንቴናው ጥሩ ይሆናል ብሎ ያልፈዋል። አዘጋጆቹ ላቅ ያለ ውጤት ያመጣውን የድምፅ ቅጂ አምጣ ሊሉት ይችላሉ፤ በየመቀበያቸውም ያደምጣሉ። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ግን የሰውየው ኅሊና ነው። ማሸነፉ ገንዘብ አያስገኝም፤ የሚያስገኘው የምስክር ወረቀትና ስም ነው። ለስም ብሎ ስሙን የሚያጎድፍ ሰው መኖሩ ይገርማል፤ ግን አለ።

ሁሉንም በእውነት እኩል ለማድረግ የሞከሩም አሉ። በየአራት ዓመቱ ገደማ የሚደረግ የሬዲዮ ቡድኖች የዓለም ሻምፒዮና አለ። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1990 በአሜሪካ፣ ሲያትል ነው። በ2014 በኒው ኢንግላንድ 59 ቡድን፣ በ2018 በጀርመን ዊተንበርግ 63 ቡድን ተካፍሏል። እያንዳንዱ ቡድን ሁለት ሰው ነው። ሁሉም በአንድ አካባቢ፣ ሜዳ ላይ፣ በድንኳን ይሰፍራሉ። አንቴናው አንድ ዓይነት፣ ቁመቱ እኩል፣ ጉልበቱ 100 ዋት ነው። ቦታቸውን የሚያገኙት በዕጣ ነው፤ አጠገባቸው ዳኛ ይቀመጣል፤ የጥሪ ምልክታቸው እንኳ የሚሰጣቸው ውድድሩ ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው ነው፤ ወዳጆቻቸው አውቀዋቸው እንዳያደሉላቸው። በ24 ሰዓት ውስጥ የሚበላለጡት በጆሮ፣ በጣትና በትዕግሥት ብቻ ነው። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ እንደሚባለው ነው።

ቆንጆ ነገር ነው። ግን ልብ በሉ፣ ይህን እኩልነት ለመፍጠር ምን ያህል ገንዘብ፣ ምን ያህል ድንኳንና ምን ያህል ዳኛ ወጣ! በየቀኑ ሕይወታችን የቦዩን ራስና ጭራ ማስተካከል አንችልም፤ መሬቱን ማን አንሥቶ ያዛውረዋል? ስለዚህ በኔ አስተያየት ለድኻ አገር የሚጠቅመው ሁለተኛው መንገድ ነው። ሁሉም እኩል ይሁን ብሎ ከመመኘት፣ ሁሉም የያዘውን ይናገር ማለት። ያን ጊዜ ትንሹ ከትንሹ ጋር ይመዘናል።

ምድብ ማብዛት ለሁሉም ዋንጫ ማደል ነው ለሚለው ወዳጄ የምመልሰው ይህን ነው። ነገሩን ከቦዩ ጭራ ሆነህ እየው። ለ14 ሜጋኸርዝ ሞገድ የሚበቃ ተራ አንቴና 10 ሜትር ገደማ ሽቦ ነው፤ በሁለት ግራር መካከል ይወጠራል። 5 ዋት የምታሠራጭ ሬዲዮ በፀሐይ በሚሞላ ባትሪ ትሠራለች። ሸዋ ሮቢት ፀሐይና ግራር አልጎደላትም። የሚጎድላት ፈቃዱ፣ ዕቃውና የሚያስተምር ሰው ነው። እነዚህ ተሟልተው አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ከዚያ ቆላ «ኢቲ» ብሎ ቢጣራ፣ ባለ 1,500 ዋቱን መርታት አይጠበቅበትም። የሚመዘነው በዓለም ላይ እንደሱ በ5 ዋት ከሚደክሙት ጋር ነው። ምድብ ባይኖር ግን ስሙ ከዝርዝሩ ግርጌ ጠፍቶ ይቀራል፤ በሚቀጥለው ዓመትም አይመለስም።

አንድ ነገር ግን ምድብም መዝገብም አልፈታውም። ሕግ ሁልጊዜ ከሞተሩ በኋላ ነው የሚመጣው፤ እስኪመጣ ድረስ የአንድ ሰው ሽንኩርት ይቃጠላል። የክላስተር ምድብ እስኪወጣ በጆሮው ብቻ ሲደክም የተበለጠ ሰው ነበር፤ ስሙን ማንም አያስታውሰውም። አጎቴ እስከ ዛሬ «ፍርዱስ ጥሩ ነበር፤ ለኔ ነው የዘገየው» ይላሉ። እኛ ዩኒቨርሲቲ የገባነው፣ የምህንድስናውም የታሪኩም ልጆች፣ አዲሱን ዕቃ ከገበሬው ቀድመን የምናየው እኛ ነን። ስናየው ስለ ፍጥነቱና ስለ ጉልበቱ ብቻ ሳይሆን፣ ቱቦው ወንዙ ውስጥ ከመጣሉ በፊት በማን ተራ እንደሚቀዳ ብንጠይቅ፣ ስድስት ኪሎና አምስት ኪሎ የሚገናኙበት ሥራ ይኸው ነው።